የመብራት መስመር፣ የነፋስ ተርባይንና አሞራዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የኃይል ኩባንያ ብዝኃ ሕይወትን እጠብቃለሁ ሲል በተግባር ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ አሞራዎችን ይዤ እመልሰዋለሁ። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በእነሱ ላይ ነው። እኔም ጥቂት ዓመታት በግንባታ ቦታዎች ወፍ ስቆጥር ስለኖርኩ፣ በዓይኔ ያየሁትን ጣል አደርጋለሁ።

ኤሌክትሪክንና አሞራን ምን አገናኛቸው?

መንገዳቸው አንድ መሆኑ ነው። ትልልቅ አሞራዎች፣ ንስሮችና ሽመላዎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ ጉልበታቸው ያልቃል። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ሽቅብ በሚወጣው ሞቃት አየር፣ ወይም ነፋስ ገደል መትቶ ወደ ላይ ሲታጠፍ በሚፈጥረው ግፊት ተሳፍረው ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ እየተንሸራተቱ ይጓዛሉ። ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለሌለ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ሲመጡ የብስ የብሱን ይዘው በጠባብ መተላለፊያዎች ይታጨቃሉ። የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር ከእንዲህ ዓይነቶቹ መተላለፊያዎች በዓለም ሁለተኛው ነው፦ 37 ዓይነት፣ በቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች ይመላለሱበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ላይ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ የተሻገሩ አዳኝ አሞራዎች ሲቆጠሩ 250,000 ሊሞሉ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

የነፋስ ኃይል መሐንዲሱስ ምን ይፈልጋል? ያንኑ ገደል አፋፍ፣ ያንኑ ነፋስ። መስመር ዘርጊውም ቢሆን ሸለቆውን ተከትሎ መሄድ ይቀለዋል።

ትንንሽ ወፎች ሽቦ ላይ ተደርድረው ሲውሉ ምንም አይሆኑም። ትልቁ አሞራ ለምን ይሞታል?

ኤሌክትሪክ የሚፈሰው በሁለት ነጥቦች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖር ነው። ድንቢጧ ሁለቱም እግሮቿ አንድ ሽቦ ላይ ስለሆኑ ልዩነት የለም። አሞራው ግን ሽቦው ላይ ማረፍ አይወድም፤ የሚያርፈው ፖሉ ጫፍ፣ ሲኒዎቹ (ሽቦውን ከብረቱ የሚለዩት መያዣዎች) በተተከሉበት አግዳሚ ብረት ላይ ነው። ብረቱ ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው። ሲኒዋ ደግሞ አጭር ናት፤ ሽቦው ከአሞራው እግር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። ሊነሳ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውን ነካ ማለት አበቃ።

የክንፉ ስፋት ነው ነገሩን የሚወስነው። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው፣ ፊቱ ቢጫ የሆነው፣ ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። የሩፔል ጥንብ አንሳ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። በአሜሪካ ለንስር ተብሎ በወጣው መመሪያ በሽቦና በሽቦ፣ ወይም በሽቦና ከመሬት በተገናኘ ብረት መካከል ቢያንስ 150 ሴንቲ ሜትር አግድም ክፍተት ይጠየቃል። በየመንገዱ ዳር የምናያቸውን የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት ፖሎች ቀና ብላችሁ ተመልከቱና ርቀቱን በዓይናችሁ ገምቱት።

አንድ ጠዋት በአፋር በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከአንዲት ከተማ ቆሻሻ መጣያ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንክሪት ፖል ሥር አንድ ጥንብ አንሳ ወድቆ አገኘሁ። የተኛ ነበር የሚመስለው፤ ላባው አልተነካም፣ ዓይኑን ብቻ ጉንዳን ጀምሮታል። ገልብጬ ሳየው የአንድ እግሩ ጣት ጫፍ እንደ ነደደ ክብሪት ጠቁሯል፤ በሌላው ወገን ክንፉ ሥር ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ላባው ተጠብሷል። አንዱ የገባበት፣ አንዱ የወጣበት ነው። የሻይ ቤቱን ልጅ ስጠይቀው «ትናንት ሊመሽ ሲል መብራት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ነበር» አለኝ። ሰፈሩ ሌሊቱን በሻማ ያደረው በዚያ አሞራ ሰበብ ሳይሆን አይቀርም። ጉዳዩ ለኩባንያውም የራሱ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ አሞራው ሲሞት መስመሩም ይቋረጣል፣ ቴክኒሻን ይላካል፣ ደንበኛ ይማረራል።

ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉት ትልልቆቹ ታወሮችስ የባሰ አደገኛ አይደሉም?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ በኤሌክትሪክ ከመያዝ አንጻር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በ230 ወይም በ400 ኪሎ ቮልት ታወር ላይ ሽቦዎቹ በጣም ተራርቀው የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ማንም አሞራ በክንፉ አያገናኛቸውም። እንዲያውም በአፋር የግብፅ ጥንብ አንሶች ማታ የሚያድሩት ብዙውን ጊዜ በታወሮቹ ላይ ተኮልኩለው ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት ከዚያና ከአካባቢዋ ሸሽተው እዚያ የሚሰባሰቡት በቆጠራ ከ1,000 በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

የታወሮቹ አደጋ ግጭት ነው፤ በተለይ ከሁሉ በላይ የምትሄደው ቀጭኗ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ። አሞራው ወፍራሞቹን አይቶ ከፍ ሲል ቀጭኗ ላይ ይገባል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዕይታ ጥናት የጥንብ አንሳ ዓይን ከራሱ በላይ ያለውን እንደማያሳየው፣ ጥንብ ፍለጋ አንገቱን ወደ መሬት ሲደፋም ከፊቱ ያለው እንደሚሰወርበት አሳይቷል። «እንዴት አላየውም?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። ለዚህ የሚደረገው ሽቦው ላይ ጠመዝማዛ ፕላስቲክ ወይም በነፋስ የሚወዛወዝ አንጸባራቂ ሰሌዳ በየጥቂት ሜትሩ መስቀል ነው። ከብዙ አገር ጥናቶች ተደምሮ ሲታይ ግጭቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቀሪው ግማሽ ግን መስመሩ በየት በኩል ይለፍ ሲባል የሚወሰን ነው፤ ረግረግና ሐይቅ ዳር ላይ ከተዘረጋ በኋላ ፕላስቲክ ቢሰቅሉበት ብዙ አያድነውም።

የፖርት ሱዳን መስመር የሚባለው ታሪክ ምንድን ነው?

ይህን ታሪክ ለማንኛውም የመብራት ኃይል ሠራተኛ ብነግር ደስ ይለኛል።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ 31 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ ተራ መስመር ተዘረጋ። ዙሪያው በረሃ ነው፤ ማረፊያ ዛፍ የለም። ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ እኛ አገር የሚመጡ የግብፅ ጥንብ አንሶች በዚያ ሲያልፉ ያላቸው ማረፊያ ፖል ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ በመስመሩ ሥር ሲሄድ በደርዘን የሚቆጠር ሬሳ አገኘ፤ ጽፎም አሳተመው። ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ዝም ተባለ። በ2010 ሌሎች ባለሙያዎች ተመልሰው ሄዱ፤ ፖሎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ሥራቸውም ሬሳ አለ። መስመሩ በዕድሜው የፈጃቸው በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች እንደሚቆጠሩ ተገመተ። በመጨረሻ በ2014 ኃይሉ ተቋርጦ በሌላ፣ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነ መስመር ተተካ።

ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር! በአንድ ከሰዓት በኋላ በመኪና ተነድቶ የሚያልቅ መንገድ፣ በቡልጋሪያና በግሪክ ጎጆ ባዶ እንዲሆን የራሱን ድርሻ አዋጣ። ወፉ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሎ ሰፍሯል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ ቁጥሩ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የጠፋው መድኃኒቱን በመፈለግ አይደለም፤ የተቆጠረውን ሬሳ የመስመሩ ባለቤት ጉዳዬ ብሎ እስኪይዘው ነው።

ያለውን አደገኛ ፖል ለማስተካከል ምን ያስፈልጋል?

ሁሉንም መንቀል አያስፈልግም። አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት ጥቂት ፖሎች ናቸው፦ ቄራና ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያሉት፣ ትራንስፎርመር የተሸከሙት፣ መስመር የሚታጠፍባቸውና ሽቦ በአግዳሚው ብረት ላይ ተሻግሮ የሚሄድባቸው። እነዚህን ለይቶ ከሲኒው ግራና ቀኝ ሽቦውን በፕላስቲክ ሽፋን ማልበስ፣ በትራንስፎርመሩ ላይ ያሉትን መገናኛ ሽቦዎች መሸፈን ይበቃል። አዲስ ሲተከል ደግሞ ሲኒውን ከአግዳሚው በላይ ከማቆም ይልቅ ከታች ማንጠልጠል ነው፤ አሞራው ከላይ ያርፋል፣ ሽቦው ከሥር ያልፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ርካሽ ሽፋን በቆላ ፀሐይ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ተሸፍኗል ተብሎ የተዘጋ ፋይል ተመልሶ መከፈት አለበት።

ቆሻሻ መጣያውን ከመስመሩ ማራቅም ሥራ ነው፤ ነገር ግን እሱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ እምብዛም አላጋጠመኝም።

የነፋስ ተርባይኖች ወፍ ይፈጃሉ ይባላል። እውነት ነው?

እንደ ቦታው ነው። የአዳማ (51 እና 153 ሜጋ ዋት)፣ የአሸጎዳ (120 ሜጋ ዋት) እና የአሰላ (100 ሜጋ ዋት) ጣቢያዎች ለምሳሌ ሁሉም ደጋና ገደል አፋፍ አካባቢ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቦታ አሞራም የሚወደው ስለሆነ በየዓመቱ መከታተል ግድ ይላል።

የሚሠራው ዘዴ ግን ተገኝቷል፤ ቀላልም ነው፦ አሞራው ሲመጣ ተርባይኑን ማቆም። በደቡብ ስፔን ታሪፋ አካባቢ ጠባቂዎች ባይኖኩላር ይዘው ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። አሞራ ወደ አንድ ተርባይን ሲያመራ በስልክ ይነግራሉ፤ ተርባይኑ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይቆማል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት የጥንብ አንሳ ሞት በግማሽ ቀነሰ፤ የጠፋው ኃይል ደግሞ ከዓመቱ ምርት 0.07 በመቶ ብቻ ነበር። እንደገና አንብቡት፦ ከመቶ አንድ እንኳ አይደለም። «ማቆም ያከስረናል» የሚል ኩባንያ ሲገጥማችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱት። በግብፅ የስዌዝ ባሕረ ሰላጤ ጣቢያዎችም በፍልሰት ወራት ይኸው ዘዴ ይሠራበታል።

ለእኛ ቅርቡ ግን ኬንያ ካጂያዶ ያለው ኪፔቶ ነው። 60 ተርባይኖች፣ 100 ሜጋ ዋት ገደማ፣ በ2021 ሥራ የጀመረ። የሩፔልና ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳዎች የሚመላለሱበት ቦታ ነው፤ ሁለቱም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ተብለዋል። እዚያ ከጠባቂዎቹ ሌላ የሞተ ከብት ፈልገው ከተርባይኖቹ የሚያርቁ ሰዎች አሉ። ጥንብ ከሌለ ጥንብ አንሳ ዝቅ ብሎ አይበርም። ከወረቀት ላይ ዕቅድ ሁሉ ይህን አበልጣለሁ፤ የአርብቶ አደሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነገር ነው።

ከተርባይኑ ላባዎች (ከሚሽከረከሩት ክንፎች) አንዱን ጥቁር መቀባት በቂ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

በኖርዌይ ስሞላ ደሴት በአራት ተርባይኖች ላይ ከሦስቱ ላባዎች አንዱ ጥቁር ተቀብቶ የወፍ ሞት ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። ጥሩ ነው። ግን አራት ተርባይን ነው፣ የሣር ደሴት ነው፣ ወፎቹም ሌላ ናቸው። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ እዚህ ሳይሞከር እዚህ ይሠራል አይባልም።

የሌሊት ወፎችስ?

እነሱ የሚወጡት ነፋስ ረገብ ባለ ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ ተርባይኑም ብዙ አያመነጭም። ስለዚህ ነፋሱ እስኪጠነክር ላባዎቹ እንዳይሽከረከሩ ማድረግ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ሞቱ ከ44 እስከ 93 በመቶ ቀንሷል፤ የዓመቱ የኃይል ኪሳራ ግን አንድ በመቶ አልሞላም።

ኩባንያው ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ምን ማድረግ ይጠበቅበታል?

በእኛ ሕግ ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወዲህ ግምገማ ሳይቀርብና ሳይፈቀድ እንዲህ ያለ ሥራ አይጀመርም። ገንዘቡ ከውጭ ከሆነ ደግሞ የአበዳሪው ደንብ ይጨመራል። የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ስድስተኛ መስፈርት ለምሳሌ፣ ልዩ ጥበቃ በሚያስፈልገው መኖሪያ ላይ ሲሠራ ጉዳትን ማጣፋት ብቻ አይበቃም፤ ዝርያው ከነበረበት የተሻለ መሆን አለበት ይላል።

ሁሉም የሚከተሉት ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ መራቅ፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ የተበላሸውን መመለስ፣ በመጨረሻ ማካካስ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ለመራቅ ግን ወፉ በየት እንደሚሄድ መታወቅ አለበት፤ ለዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ የበልጉንም የመኸሩንም ፍልሰት ጨምሮ መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ለአንድ መስመር ጥናት ለሁለት ሳምንት ተልኬ ነበር፤ ወሩ ሐምሌ፣ ፍልሰት የለም፣ ጭጋጉ ገደሉን ሸፍኖታል። ሪፖርቱ ላይ «በአካባቢው ጉልህ የአሞራ እንቅስቃሴ አልታየም» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት አልነበረም። አልታየም።

ማካካሻ ሲባል ገንዘብ መክፈል ነው?

መሆን የለበትም። በኪፔቶ ምሳሌ ብንቀጥል፣ በዚያ አካባቢ ጥንብ አንሳን የሚገድለው ዋናው ነገር ተርባይን ሳይሆን መርዝ ነው። አንበሳ ወይም ጅብ ላም ይበላል፤ አርብቶ አደሩ ተናዶ ሥጋው ላይ መርዝ ይነሰንሳል፤ አውሬውን ለመያዝ የተቀመጠው ሥጋ በደርዘን የሚቆጠሩ አሞራዎችን ይጨርሳል። ስለዚህ ማካካሻው አውሬ የማይጥሰው በረት እንዲሠራና መርዝ እንዲቀር ከማኅበረሰቡ ጋር መሥራት ሆነ። ተርባይኑ የሚገድለው አንድ ቢሆን መርዙን በማስቀረት ብዙ ይተርፋሉ የሚል ስሌት ነው። አመክንዮው ይገባኛል፤ ተርባይኑን በሰዓቱ ላለማቆም ሰበብ እስካልሆነ ድረስ።

ጉዳዩ የወፍ ብቻ ነው? ግድቦችስ?

ግድብ ራሱን የቻለ ገጽ ይፈልጋል። እዚህ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፦ 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አነሳው። ሐይቁ አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ግድቡ ከተሠራበት ከኦሞ ወንዝ ነው። ዓሣው የሚራባው፣ ደለል ላይ የሚዘራውም ሰው የሚያርሰው የክረምቱን ሙላት ጠብቆ ነው። በግድቡ ጥናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር። እዚህም የሚጠየቀው የተለቀቀበት ቀንና መጠን የተመዘገበበት ደብተር ነው።

«በዚህ ዓመት አንድም ወፍ አልሞተም» የሚል ሪፖርት ይታመናል?

መጀመሪያ «ስንት ቀን ፈለጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፖል ሥር የወደቀ አሞራ ብዙ አይቆይም፤ ማታ ጅብ ይወስደዋል፣ ካልሆነም ውሻ። ፈላጊውም ሣር ውስጥ ያለውን ሁሉ አያይም። ደኅና ኩባንያ ሁለቱንም ይፈትናል፦ ሬሳ ሆን ብሎ አስቀምጦ ስንቱ በስንት ቀን እንደሚጠፋና ፈላጊው ስንቱን እንደሚያገኝ ይለካል። ከዚያ ሒሳቡ ይሠራል። ሁለት ሬሳ ተገኘ እንበል። ከወደቁት ግማሹን ጅብ ከወሰደ፣ ፈላጊውም ከቀሩት ግማሹን ብቻ ካየ፣ የሞቱት ስምንት ናቸው። የተፈለገው ከተርባይኖቹ ግማሽ ሥር ብቻ ከሆነ ደግሞ አሥራ ስድስት።

ስለዚህ «ሁለት አገኘን፣ አሥራ ስድስት ገመትን» የሚለውን ሪፖርት «ዜሮ» ከሚለው ይልቅ አምነዋለሁ። የደቡብ አፍሪካው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤስኮም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ጋር ተዋውሎ በመስመሮቹ ላይ የሚሞቱትን ሲመዘግብ ኖሯል። መዝገቡ ኩባንያውን አያስመሰግነውም፤ የትኛው ፖል ቀድሞ ይሸፈን የሚለውን ግን ይነግረዋል።

በኢትዮጵያ ማንን ነው የምንጠይቀው?

ብዙዎቻችን አሁንም «መብራት ኃይል» እንላለን፤ ተቋሙ ግን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ማመንጫና ከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ወደየቤታችን የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። በዚህ ጉዳይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የተርባይንና የታወር ግጭት የመጀመሪያው፣ አሞራ የሚያቃጥሉት ትንንሽ ፖሎች ደግሞ የሁለተኛው ድርሻ ናቸው። የውጭ አበዳሪ ዓይኑን የሚጥለው በትልቁ ፕሮጀክት ላይ ስለሆነ፣ ትንሹ ፖል ጠያቂ አጥቶ ይቀራል።

ፖል ሥር የሞተ አሞራ ባይ ምን ላድርግ?

ቀና ብላችሁ ሽቦው አለመበጠሱን እዩ፤ ከተበጠሰ አትጠጉ፣ ለአገልግሎቱ ደውሉ። ካልተበጠሰም አሞራውን በባዶ እጅ አትንኩት። ከርቀት ከፖሉ ጋር፣ ከዚያ ቀረብ ብላችሁ እግሩንና ክንፉን ፎቶ አንሱ። ቀኑንና የፖሉን ቁጥር ጻፉ፤ ቁጥሩ ከጠፋ በስልካችሁ የቦታውን ነጥብ ያዙ። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ሳታስቀሩ አንብቡ፤ የት አገር እንደታሰረለት የሚታወቀው በእሱ ነው። ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል፣ እንዲሁም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ላኩ። ለሁለቱም ወገን መላክ ይሻላል፤ አንዱ ፖሉን ያውቃል፣ አንዱ አሞራውን።